የጫማ ቁጥር

ሐምሌ ገብቶ ነበር፤ ደቻቱ አልወረደም፣
አሸዋው ይፋጃል፣ ጥላው አያበርድም።
ከለገሀር ጀርባ፣ ከባቡሩ ጋራዥ፣
እኔ ተቀምጫለሁ፣ የቀበሌው መዝገብ ያዥ።
እስከ አንገቱ የሞላ አንድ ጠርሙስ ቀለም፣ ብዕርና ጠረጴዛ፣
ከግሪኩ ቡና ቤት በውርስ የመጣ፣ የቢራ ጠረኑ የበዛ።

እስከ ባለፈው ሳምንት እነዚሁ ሰዎች በአንድ እስር ጫት ሲካሰሱ፣
ክሱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤
ዛሬ ስማቸውን ለሌላ ነገር አነሡ።

«ስም?» እላለሁ። «የአባት? ዕድሜ? ሥራ?
የጫማ ቁጥር?»
ይኼኔ ሰልፉ ሳቀ በጋራ፤
ግማሹ በነጠላ ጫማ፣ ግማሹ በተቀደደ ሸራ፣
ቁጥሩን የሚያውቅ ማን አለ፣ ከዚያ ሁሉ ተራ!

ከቀፊራ የመጣው ሰልባጅ ሻጩ ስርሞሎ
«አቦ፣ ለኔ ተዉት!» አለ፣ ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ።
ሜትር አልያዘም፤ እግር እግር ያያል፤
«ሠላሳ ዘጠኝ። ይኼ አርባ። የዚያኛው አውራ ጣት ለብቻው ቁጥር ይሻል።»

ፈታዩ ኢብሳ መጣ፣ ጥጥ ከቅንድቡ ሳይረግፍ፤
መምህር ቢተው መጣ፣ ያልታረመ ደብተር በብብቱ እንዳቀፈ ሊሰለፍ፤
ጋሪ ነጂው ሙሜ ስለ ሞት አልጠየቀም፤
«ፈረሴንስ ማን ያጠጣዋል?» አለ። ማንም አልመለሰም።

ጠመንጃው ለሦስት ሰው አንድ፣ ጥይቱ በጣት ተቆጥሮ፣
የቀረው አገዳ ታቅፎ «ቀኝ ኋላ ዙር» ይማራል፣ በተርታ ተደርድሮ።
አሥር አለቃው ይጮኻል፤ ሕፃናት አጥሩ ላይ ወጥተው ይስቃሉ፤
አመሻሽ ላይ፣ የመሣሪያውን ግማሽ ዘማቾቹ በሉ።

ከዚያ ዋርሳሜ መጣ።
ሃያ ዓመት ሐዲድ የቀየረ፣ ፋኖስ ያወዛወዘ፣
የስንቱን ባቡር መንገድ በክንዱ የያዘ።
ሰልፉ ዝም አለ።
ከወዲያ የሚመጣው ጦር ትእዛዙ በእሱ ቋንቋ ነው፤
የአክስቱ ልጅ አለበት ይባላል፤ ማን ያውቃል፣ ወሬ ነው።
አሥር አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ።
ዋርሳሜ አልለመነም፣ አልማለም፤
ፋኖሱን ብቻ መሬት አስቀመጠ።
ያኔ ስርሞሎ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣
«አርባ አራት» አለ።
ሰልፉ ተነፈሰ።

እኔም ጻፍኩ። ግን ብዕሩን አስቀምጬ፣
ከጆሮዬ ላይ እርሳስ መዝዤ፣ የሚፋቅ ነገር መርጬ።

ሌሊት ጫማው በጆንያ ደረሰ፤ ሁሉም አርባ አንድ።
ሲሳሳቁ ሰማሁ በጨለማ፣
የዋርሳሜን ጫማ ተረከዝ ስርሞሎ በምላጭ ሲቀድ።
ሊነጋጋ ሲል በስሚንቶ መኪና ተጫኑ፤
አቧራው ፀጉራቸው ላይ ወረደና
ሁሉም በአንድ ጊዜ አረጁ፣
ያን ዕድሜ ከዚያ ወዲያ ያላገኙትም ጭምር።
የሙሜ ፈረስ እስከ ድልድዩ ተከተላቸው።
ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተንኳኳ፤
ደመና አልነበረም።

ደቻቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም።
በሌላ ዓመት፣ በሌላ ሌሊት፣ የቀበሌውን በር ሰብሮ ገባ፤
መዝገቡን ከጭቃ ሥር አወጣነው፣ አብጦ፣ ተጣብቆ።
ኢብሳ ሰማያዊ ዥረት ሆኗል፤ ቢተው ከሙሜ ጋር ተደባልቋል፤
ከስርሞሎ የቀረች አንዲት «ስ»፣ እሷም ወደ እግሯ ትቀልጣለች።
እርሳስ ግን ውኃ አይፈራም።
ዋርሳሜ ጉሌድ፣ ሐዲድ ቀያሪ፣ ፵፬።

ልጁ ሆዳን ለጡረታ ማስረጃ ብላ መጣች፤
ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ደጋግማ አነበበች።
«የሌሎቹ በቀለም ነበር አይደል? የአባዬ ለምን በእርሳስ?»

«ቀለሙ አልቆ ነበር» አልኳት።